ላፕቶፑስ ይገዛ፤ ካቻቪቴውስ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የወላጅ ኮሚቴው ለእያንዳንዱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ርካሽ ላፕቶፕ ለመግዛት መዋጮ ሊጠይቅ ነው። እንደግፈው?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ አልደግፍም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ብሎ ሲነሣ ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ተመርቶ ሲወጣ 188 ዶላር ገደማ ገባ። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገዛች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ግን በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። የእኛ ልጆች የሒሳብ መምህር ካጡ ስንት ወራቸው ነው? ገንዘቡ ለመምህር ይዋል።

ኮምፒውተር ጠጋኝ፦ እህቴ፣ ጥናቱን ከጠቀሱ አይቀር ሙሉውን ይንገሩን፤ በማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ መሻሻል አግኝቷል። ያንን ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ እኔ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። እጀታው ውስጥ ደግሞ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውለታል፤ ልጁ ራሱ ፈትቶ እንዲገጥመው ነዋ! እዚሁ አገራችን ያሉት የወንጪና የወለንጪቲ መንደሮችስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ተሰጣቸው፤ መምህር አልነበራቸውም። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተውታል።

እናት፦ ካሜራ መክፈትና ማንበብ አንድ ሆኑ እንዴ? ያንን የተናገረውም ታብሌቱን የሰጠው ሰው ራሱ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ እኔ በሁለታችሁም መካከል ነኝ። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ደብተሩን ይዞ መጣ። ስልክ ላይ ባየው ቪዲዮ ተነሣሥቶ ቤቱ ውስጥ ራጅ ሊሠራ ነው፤ አሮጌ የቫክዩም ቱቦ፣ ከተጣለ ቴሌቪዥን የወጣ ትራንስፎርመር፣ ከሥር የገዛ እጁ ከነአጥንቱ ተስሏል። ሥዕሉ ያምራል። «መከለያው የታለ?» አልኩት። «የምን መከለያ?» አለኝ።

ራጅ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጉዳቱም የሚሰማው ውሎ አድሮ ነው። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን ጨረሩ ውስጥ እያስገባ የራጅ ቱቦ ሲፈትሽ ኖሮ፣ ክንዱ ተቆርጦም አልተረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ከዚያ በፊት ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠረው ቮልት አለ፤ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ካፓሲተር ውስጥ አድፍጦ ይቆያል። ልጁን አላባረርኩትም። ጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖል አብርተን፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ለካን። የራጅም ሕግ ይኸው ነው።

እናት፦ እንግዲህ ልጁን ያተረፉት እርስዎ ነዎት፤ ላፕቶፕ አይደለም።

መምህር፦ ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ያደረገው ግን ቪዲዮው ነው።

ጠጋኝ፦ እንግዲያው ለየልጁ መግዛቱ ይቅር። አስር ብቻ ይገዛ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ የተረፈው ለሒሳብ መምህር ይሁን።

እናት፦ በዚህ እስማማለሁ። ቁልፉን ማን ይይዛል? ባለፈው የተሰጡን ኮምፒውተሮች እኮ ቁልፍ ያዡ ሲዛወር አቧራ ለብሰው ነው የቀሩት።

መምህር፦ በሥራ ቀን እኔ አለሁ። ቅዳሜን አልችልም።

ጠጋኝ፦ ቅዳሜን ለእኔ ተዉት። ካቻቪቴ ይዤ እመጣለሁ።

እናት፦ የቴሌቪዥን ትራንስፎርመር ግን ይዘው እንዳይመጡ።