የድንጋዩ እፍግታ አልመጣ አለኝ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድንጋይ መዘንኩ፣ 135 ግራም ሆነ። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ያለበት መስፈሪያ ሲሊንደር ውስጥ ስከተው ውሃው 100 ላይ ደረሰ። እፍግታውን (ግራሙን ለያዘው ቦታ አካፍሎ ማለት ነው) ለማግኘት 135ን ለ100 አካፍዬ 1.35 አገኘሁ። መጽሐፉ ግን 2.7 ይላል። ደግሞስ ድንጋዩን ለሁለት ብሰብረው እፍግታው በግማሽ ይቀንሳል?

ሰማያዊ፦ 100 እኮ የውሃውና የድንጋዩ ድምር ነው! ከ100 ላይ 50ውን ቀንስ፤ የድንጋዩ ይዘት (የያዘው ቦታ) 50 ነው። 135 ለ50፣ ይኸው 2.7 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። አይዞህ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ስታነብ ደግሞ ዓይንህን ከውሃው እኩል ዝቅ አድርግ። ውሃው ዳር ዳሩን ብርጭቆው ላይ ይወጣል፣ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። የሚነበበው የጎድጓዳው ታች ነው።

ፈጣኑ፦ ከሰበርከውማ በግማሽ ይቀንሳል። ክብደቱ ቀነሰ አይደል?

ጠመኔ፦ ኧረ ተው! ቁሱ ሲቀንስ የያዘው ቦታም አብሮ ቀነሰ። 67.5 ለ25 አካፍል፣ ያው 2.7 ነው። ብታደቀውም ቅንጣቱ ያው ነው። (ፈተና ላይ ደግሞ በግራም የለካኸውን የቁስ ብዛት «ክብደት» ሳይሆን «መጠነ ቁስ» በል፣ ነጥብ ያስቀንሳል።) አሉሚኒየምም 2.7 ነው፤ ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ተነስተህ ድንጋይህን አሉሚኒየም እንዳትለው።

ጠያቂ፦ አሁን ገባኝ። ግን ብረት 7.9 ገደማ፣ ውሃ 1 ከሆነ መርከብ ለምን አይሰምጥም?

ጠመኔ፦ የሚቆጠረው ብረቱ ብቻ አይደለም። በሆዱ የያዘው አየርም አለ። የሁሉንም መጠነ ቁስ ደምረህ ውሃ እንዳይገባበት ለተዘጋው አካል ጠቅላላ ይዘት ስታካፍል ከ1 በታች ይመጣል። ተቀድዶ ውሃ ሲገባ አየሩ ይወጣል፣ ቁጥሩ ከ1 ያልፋል፣ መርከቡም ይሰምጣል።

ፈጣኑ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። በረዶስ?

ሰማያዊ፦ 0.92 ገደማ። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል። ለዚህ ነው ከላይ የሚንሳፈፈው፣ አብዛኛው አካሉ ግን ከውሃ በታች ነው።

ጠያቂ፦ ቀጥሎ የታዘዝኩት ቡሽ ነው። አልሰምጥ ካለኝስ?

ሰማያዊ፦ በቀጭን መርፌ ጫን አድርገህ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው። ጣትህን እንዳትከት፣ እሱም ይዘት አለው።