ራውተር ለመቆለፍ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው፦ የእኔ ጥቆማ

«ራውተሬን በፓስወርድ ለመዝጋት የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋዩን ፓስወርድ ማለቱ ነው። እሱን ማንም ይቀይረዋል። የሚረሳው ሌላኛው ነው፤ ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ ሴቲንግ የሚያስገባው፣ የአድሚኑ ፓስወርድ።

አንድ ቀን ዘመድ ቤት ሄጄ «ኢንተርኔቱ ተንቀራፎብናል፣ እስቲ እየው» አሉኝ። ዋይፋዩ ፓስወርድ አለው፤ ያውም ረጅም። ስልኬን አገናኘሁና ብሮውዘር ከፍቼ የራውተሩን አድራሻ፣ 192.168.1.1 ብዬ ጻፍኩ። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ። ሁለቱም ቦታ ላይ «አድሚን» ብዬ ሞከርኩ። ዘው! የተገናኙትን መሣሪያዎች ስንቆጥር 17 ሆኑ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አራት ሰዎች ናቸው። «ይሄ የማን ነው? ይሄስ?» እየተባባልን አመሸን። ፓስወርዱ ለአንድ እንግዳ ተነግሮ፣ እንግዳው ለጓደኛው ነግሮ፣ እንዲህ እያለ ሰፈሩን ዞሮ ነበር።

እሱስ ይሁን፣ የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። የከፋው ግን ከ17ቱ አንዱ እኔ የሞከርኩትን ቢሞክር ኖሮ ነው። ፓስወርዱን ቀይሮ ባለቤቶቹን ከገዛ ራውተራቸው ማስወጣት ይችላል። የጻፋችሁት የድረ ገጽ ስም የት እንደሚገኝ የሚጠቁመውን፣ ዲኤንኤስ የሚባለውን አድራሻ ቀይሮ፣ የባንካችሁን ስም በትክክል ጽፋችሁ ሌላ ገጽ ላይ እንድታርፉ ማድረግም ይችላል። ብሮውዘሩ ብዙ ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ዘሎ የሚገባ ግን መች ጠፋ?

ነገሩ የቤት ውስጥ ሌባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ብዙ ካሜራና ራውተር የያዘው በረቀቀ ጥበብ አይደለም። 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ይዞ በየበሩ እያንኳኳ ነው። ዩናይትድ ኪንግደም ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድ ያለው የቤት መሣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እናንተ ቤት ያለው ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ለማን የትኛውን እንደምመክር ልንገራችሁ።

ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር አብሮ የሚመጣው ሳጥን፦ ገልብጣችሁ እዩት፤ ሆዱ ላይ ስቲከር አለ። የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርድ፣ የመግቢያው አድራሻ፣ አንዳንዴም የአድሚኑ ፓስወርድ ተጽፎበታል። ለብዙ ቤት ይበቃል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ አዲስ ግዙ አልልም። ስቲከሩ ላይ ያለውን ግን ሳሎን የገባ ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ስለሚችል፣ በተተከለበት ቀን ሁለቱንም ፓስወርዶች ቀይሩ።

ቲፒ-ሊንክ፦ ለጀማሪ የምጠቁመው ይሄን ነው። የቆዩት ሞዴሎች «አድሚን» በ«አድሚን» ይከፈታሉ፤ ከላይ ያወራሁት ዓይነት ናቸው። አዳዲሶቹ ግን መጀመሪያ ስትከፍቷቸው የራሳችሁን ፓስወርድ ሳትፈጥሩ አያሳልፏችሁም። ቴዘር የሚባል አፕ አላቸው፤ ከብሮውዘሩ ገጽ ይልቅ እሱ ይቀላል።

አሱስ፦ መነካካት ለሚወድ ሰው። ሴቲንጉ ሰፊ ነው፣ ለእንግዶች ተለይቶ የሚከፈተው የእንግዳ ኔትወርኩም ጥሩ ነው። የአዳዲሶቹ መግቢያ ብዙ ጊዜ 192.168.50.1 ነው። «ፓስወርድ ቀይሬ ልውጣ» ለሚል ሰው ግን ይበዛበታል።

ኢሮ እና ጉግል ኔስት ዋይፋይ፦ ለወላጆቼ ብገዛ ከነዚህ አንዱን ነበር የምገዛው። በብሮውዘር የሚከፈት የአድሚን ገጽ የላቸውም፤ ሁሉም ነገር በስልክ አፕ ነው። አፕዴታቸውንም ራሳቸው ይጭናሉ። ስለዚህ የራውተሩ ቁልፍ አካውንታችሁ ሆነ ማለት ነው። የጉግል አካውንቱ ፓስወርድ የልደት ቀን ከሆነ ራውተሩም በልደት ቀን ተቆልፏል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ሳታበሩ እነዚህን አትግዙ።

ማይክሮቲክ እና ኦፕንደብሊውአርቲ፦ የመጀመሪያው ራውተር ነው፤ ሁለተኛው ራውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር። ለሚያውቅ ሰው ወደር የላቸውም። ለማያውቅ ጣጣ ናቸው። የማይክሮቲክ አድራሻ 192.168.88.1 ነው፤ የቆዩት «አድሚን» ብላችሁ ፓስወርዱን ባዶ ስትተዉት ይከፈቱ ነበር። ኦፕንደብሊውአርቲም እናንተ እስክታወጡለት ድረስ ያለ ፓስወርድ ነው የሚነሳው። እውነቱን ለመናገር ግን ፓስወርድ እንዳላወጣችሁ ከገጹ አናት ላይ እየጮኸ ይነግራችኋል።

መቆለፊያው ላይ ደግሞ ምርጫ አለ። የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» የሚል ዝርዝር ስትከፍቱ አራት አምስት ስም ይደረደራል። ዌፕ ካያችሁ እንዳትነኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 መጥቶ በ2001 የተሰበረ ነው። የ2003ቱ ደብሊውፒኤም ጊዜው አልፎበታል። የቀሩት የ2004ቱ ደብሊውፒኤ2 እና የ2018ቱ ደብሊውፒኤ3 ናቸው። የእኔ ምርጫ ደብሊውፒኤ3 ነው። አሮጌ ስልክ ወይም ፕሪንተር አልገናኝም ካለ ሁለቱን የሚያደባልቀውን ምረጡ። እሱም ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ከሚባለው የማመስጠሪያ ዘዴ ጋር፤ ቲኪፕ የሚለውን አሮጌውን ዘዴ ተዉት።

ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። በደብሊውፒኤ2 ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሰላምታ አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ ይቀዳዋል። ከዚያ ወደ ራሱ ቤት ሄዶ ቀስ ብሎ ፓስወርዱን ይገምታል። እናንተ አታዩትም፣ ራውተሩም አያውቅም። አንድ ጥሩ የጌም ኮምፒውተር በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግምት ይሞክራል። ስልክ ቁጥራችሁን ፓስወርድ አድርጋችኋል እንበል። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች የታወቁ ናቸው። ስምንቱ ባይታወቁ 100 ሚሊዮን ግምት ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን በደቂቃዎች ያልቃል። ደብሊውፒኤ3 ላይ ለእያንዳንዱ ግምት ራውተሩን ራሱን መጠየቅ ግድ ነው። ቤት ወስዶ መገመት ቀረ።

ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ደግሞ አጥፉልኝ። ቁልፏን ተጭኖ ፕሪንተር ማገናኘት ደስ ይላል፤ ችግሩ በፓስወርዱ ፈንታ የሚያስገባው ባለ 8 አሃዙ ፒን ነው። ስምንት አሃዝ 100 ሚሊዮን ግምት መፍጀት ነበረበት። ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፤ ሰባት ቀረ። ራውተሩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ለብቻቸው «ትክክል» ወይም «ስህተት» ይላል፣ ከዚያ የቀሩትን ሦስት ለብቻቸው። 10,000 ሲደመር 1,000፤ በድምሩ 11,000 ሙከራ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይህ በይፋ ሲወጣ ስንት ረጅም ፓስወርድ ከንቱ ቀረ መሰላችሁ።

ፓስወርዱን ስታወጡ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል፤ የግዕዝ ፊደል ግን አይሠራም። እኔ አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ። ጃንጥላ፣ ዝሆን፣ ሐሙስ፣ መሰላል፣ እንቅልፍ ዓይነት። ይህንኑ እንዳትወስዱት፣ አሁን ሁሉም አይቶታል። ተረትና ምሳሌም ይቅርባችሁ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል» ብሎ የጀመረውን ሁሉም ሰው ይጨርሰዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉ አንድ ጣጣ አለው፦ «ቀ»ን የጻፍኩት በኬ ነው በኪው? እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሄ ጭቅጭቅ አለ። መፍትሔው ስልኩ ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ ማሳየት ነው፤ ማንም ምንም አይጽፍም።

የት ላስቀምጠው ለምትሉ፣ ፓስወርድ ከሚያስቀምጡ አፖች ቢትዋርደንን እመርጣለሁ። ነጻ ነው፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ እኩል ይገኛል። ኪፓስኤክስሲ ፋይሉን እናንተው ጋ ያስቀምጣል፤ መረጃዬ ሌላ ሰው ሰርቨር ላይ አይቀመጥ ለሚል ጥሩ ነው፣ ግን ቅጂ ማስቀመጥ የእናንተ ሥራ ነው። ዋን ፓስወርድ ያምራል፣ ይከፈልበታል። ወረቀትም አይናቅ! የአድሚኑን ፓስወርድ በዓመት ሁለቴ ነው የምትፈልጉት። ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። በሚራይ የመጣ ሌባ መሳቢያ አይከፍትም።

የዋይፋይ ስም መደበቅና የተመረጡ መሣሪያዎችን ብቻ በማክ አድራሻ (በየመሣሪያው መለያ ቁጥር) ማስገባት የሚሉ ምክሮች ታያላችሁ። ጊዜያችሁን አታባክኑ። የተደበቀ ስም በነጻ ፕሮግራም ይታያል፣ ማክ አድራሻም ይቀዳል። ያንን ጊዜ ለእንግዳ ኔትወርክ ስጡት። እንግዶች እዚያ ይግቡ፣ ፓስወርዱን በፈለጋችሁ ጊዜ ቀይሩት፤ የእናንተ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አይታያቸውም። ከውጭ ሆኖ ሴቲንግ የሚያስከፍተውን «ሪሞት ማኔጅመንት»ንም ዝጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የእኔን ስህተት ስሙኝ። የዋይፋዩን ፓስወርድ በዋይፋይ ተገናኝቼ ቀየርኩ። አንድ ፊደል ስቼ ኖሯል፤ «ሴቭ» ስል ተቋረጠ፣ አልገባም አለ። በንዴት መርፌ አነሳሁና የሪሴቷን ቀዳዳ አሥር ሰከንድ ያህል ወጋሁ። ፓስወርዱ ጠፋ። አብሮ ግን ከአቅራቢው የተሰጠኝ የመገናኛ ስምና ፓስወርድም ጠፋ። አቅራቢው ጋ ስደውል «ነገ ይደውሉ»። ያን ምሽት ያለ ኢንተርኔት አደርን። ኮምፒውተር በገመድ አገናኝቼ ብሠራ ኖሮ ፊደሏን በደቂቃ አስተካክዬ እወጣ ነበር። እናንተ በገመድ ሥሩ፤ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊትም የኢንተርኔት መገናኛውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት።

«ፓስወርዱን ከቀየርኩ ቴሌቪዥኑም ምኑም ይቋረጣል?» ላላችሁኝ፦ አዎ፣ ሁሉም። አዲስ ራውተር ስትገዙ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ብትሰጡት አብዛኞቹ በራሳቸው ይገናኛሉ። እናንተ የምትቀይሩት ግን የድሮው ፓስወርድ ሰፈሩን ስለዞረ ነው፤ ስለዚህ ማታ ላይ ቤቱን አንድ ዙር ዙሩ። ስልኮቹ ፈጥነው ያልቃሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ በሪሞት ፊደል መልቀም ትንሽ ያለፋል። ፕሪንተሩን ለነገ አሳድሩት።