ጥቆማ፦ የተፋቀ ቸርኬ ደብረ ብርሃን ላይ በምን እናስውብ?

የእኔ የፊት ቀኙ ነው። የሠርግ እንግዳ ላወርድ ተጠግቼ ስቆም የመንገዱ ጠርዝ አሎዩን (የአሉሚኒየም ቸርኬውን) ዙሪያውን ፋቀው። ድምፁ ጥርሴን ነው ያነቀነቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም የማስቀቢያ መንገድ አይቻለሁ፤ ለጠየቃችሁኝ ይኸው።

አንደኛው፣ ከቀለም ቤት በቆርቆሮ የሚሸጠው ስፕሬይ። ርካሽ ነው፣ በራስ እጅ ለመሥራትም ይበቃል። ግን መጀመሪያ የቀባሁት ኅዳር ላይ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሥራ ሳልገባ ነበር። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። ቀለሙ ወተት የነካው መስሎ ነጣ፤ በሳምንቱ በጥፍር ይላጥ ጀመር። ቆርቆሮውን ረገምኩት እንጂ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። አብዛኛው ስፕሬይ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፣ ቀዝቃዛ ቸርኬም እርጥበት ይይዛል። አሁን ቸርኬውን ፀሐይ ላይ አሙቄ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እቀባለሁ። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ከሰል አጠገብ እንዳታስጠጉት፣ ይፈነዳል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ጠዋት ቀቡ፤ በቀትር ሙቀት ቀለሙ ቸርኬው ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቃል።

ትልቁ ሥራ ከቀለሙ በፊት ያለው ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ቸርኬው ላይ ጥቁር የፍሬን ብናኝ ይጋገርበታል፤ በሳሙና ታጥቦ በቲነር ይወልወል። ጎረቤቴ «አረቄ ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር። አረቄውን እሱው ይጠጣው፣ ቅባት አያነሣም። የተፋቀውን በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 240 ፍቁ፤ ጎድጓዳውን በመኪና ስቱኮ ሙሉ፣ የግድግዳው አይሆንም። ከዚያ በ400፣ መጨረሻ በ600 ከውሃ ጋር። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ዳስሱት፤ ጠርዙ ከተሰማችሁ ገና ነው። ጎማው ሳይፈታ የምትቀቡ ከሆነ አየሩን ቀንሱና የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በቸርኬው መካከል ዙሪያውን ሰኩ። ከፕላስተር ይሻላል። መጀመሪያ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዘው የሥር ቅብ)፣ ከዚያ ቀለም፣ መጨረሻ ክሊር (ቀለም የሌለው የላይ ሽፋን)፤ ሁሉንም ስስ ስስ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ።

ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ያለው የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ቀለም ስለሚረጭ ከቆርቆሮው ይበረታል። እኔ የሰጠሁት ሰው ግን ቅባቱ ላይ ረጨበትና ክረምቱን አልዘለቀም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው፤ ፍቆ ማዘጋጀቱን ራሴ፣ መርጨቱን እሱ። ብሎን የሚቀመጥበትንና ከሀቡ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ጋር የሚገናኘውን ፊት ሸፍኑት፤ እዚያ ቀለም ካለ ብሎን ይላላል።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ወስዶ በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ነው። የወንድሜን እዚያ አሠርተናል፣ ጥንካሬው ሌላ ነው። ግን 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ጎማ ማስፈታት፣ መልሶ ባላንስ ማስደረግ አለ። አራቱም ካልተበላሹ አልመክርም።

ስንጥቅ ያለውን ቸርኬ ግን ማንም ቢሆን አይቀባላችሁ፤ ስቱኮው ስንጥቁን ይደብቀዋል እንጂ አይዘውም። ከገጠማችሁ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ብሎኑን ደግማችሁ አጥብቁ። እኔ ደብረ ሲና ሻይ ልጠጣ ስቆም ነው የማጠብቀው።