የፓሪስ ከበባ በ«ቫይኪንግስ» ድራማ፦ ታሪክ ወይስ ፈጠራ?

ዳዊት፦ እስቲ እንከራከር። ስለ ስካንዲኔቪያ የባሕር ወራሪዎች የተሠራው ይህ የቴሌቪዥን ድራማ በሦስተኛው ሲዝን በፓሪስ ላይ የተደረጉ ሁለት ዘመቻዎችን አንድ ላይ ጨፍልቋል። በ845 (እ.ኤ.አ.) ራግናር የተባለ መሪ ፓሪስ ደርሶ፣ የፍራንኮች ንጉሥ መላጣው ቻርልስ 7,000 ፓውንድ የሚመዝን ብር ከፍሎ አሰናበተው። ትልቁ ከበባ የመጣው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ከተማዋን የተከላከለው የፓሪስ ገዢ ኦዶም የዚያኛው ዘመን ሰው ነው። ይህ ተመልካችን ማሳሳት አይደለም?

ሄለን፦ ድራማ እኮ ነው! ምንጩስ ቢሆን? ከበባውን በዓይኑ ያየው መነኩሴ አቦ 700 መርከብ፣ 40,000 ተዋጊ መጣ ብሎ በግጥም ጽፏል። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ተጋኗል ይላሉ። መነኩሴው ሲያጋንን ምንጭ፣ የቴሌቪዥን ጸሐፊ ሲያጋንን ውሸታም?

ዳዊት፦ አቦ ቢያንስ ኦዶን አልገደለውም። በድራማው ይሞታል፤ በታሪክ በ888 ነገሠ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ የዓመቱን ነገር ተዉት። እኔን የሚከነክነኝ የጦርነቱ ምክንያት መጥፋቱ ነው። የ885ቱ ቫይኪንጎች በሴን ወንዝ ሽቅብ ማለፍ ፈልገው ነበር። ፓሪስ ያኔ ደሴት ላይ ነች፤ መንገዱን የዘጉት ድልድዮቿ ናቸው። ስለዚህ የሚነድ መርከብ ወደ ድልድዩ ለቀቁ፤ ተከላካዮቹም ከማማው የፈላ ሰምና ቅጥራን ያፈሱባቸው ነበር። በፌብሩዋሪ 886 ጎርፍ አንዱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። ማዶ ማማው ውስጥ የቀሩት 12 ሰዎች ረዳት አጥተው አለቁ። መጨረሻውማ ይብሳል፦ ንጉሠ ነገሥቱ ወፍራሙ ቻርልስ ጦሩን ይዞ ደርሶ አልተዋጋም፤ ሄዳችሁ የቡርጎኝን ግዛት ዝረፉ ብሎ 700 ፓውንድ ብር ቃል ገባላቸው። ፓሪሶች ግን በድልድያችን አታልፉም ስላሉ፣ መርከባቸውን በየብስ ጎትተው አለፉ። ይህን የሚያህል ታሪክ እያለ ምን ፈጠራ አስፈለገ?

ሄለን፦ ጋሼ፣ ስለ ድልድዩ እውነትዎን ነው። በድራማው ራግናር ሞቻለሁ ብሎ በሬሳ ሣጥን ከተማ የገባበት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። የኖርማኖቹ ጸሐፊ ዱዶ፣ ሃስታይን የተባለ የቫይኪንግ መሪ በጣሊያኗ ሉና ከተማ እንዲህ አደረገ ብሎ ጽፏል። ተረትም ቢሆን የመካከለኛው ዘመን ተረት ነው።

ዳዊት፦ ይሁን፤ ከሌላ ሰው ላይ መወሰዱን ማን ነገረን? በድራማው የራግናር ወንድም የተደረገው ሮሎስ? ስንቱ ነው እውነት የሚመስለው! ሰውየው በ911 ከጊዜው የፍራንኮች ንጉሥ ጋር ተዋውሎ የኖርማንዲን መሬት የተቀበለ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ «ይህ ተለውጧል» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ምን ይጎዳል?

ሄለን፦ አይጎዳም። ግን ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ወደሚቀጥለው ክፍል የማይዘል ማን አለ?

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ አለሁ።