በኮሌጅ ግቢ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። በኮሌጃችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነኝ። ሲዘንብ ከመማሪያ ህንፃው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግቢውን ያጥለቀልቃል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ሽንት ቤቶቹ ውሃ ያጣሉ፣ ችግኞቹም ይጠወልጋሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ህንፃው 800 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ተፈቅዶልናል። ይበቃን ይሆን? ውሃውንስ ለምን እናውለው?

መሐንዲሱ፦ ሂሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያችሁ ላይ 8,000 ሊትር ያርፋል ማለት ነው። ከቆርቆሮ ላይ 80 በመቶው ይሰበሰባል ብላችሁ ብታስቡ 6,400 ሊትር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ዝናብ ታንከሩን ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ይፈሳል። አንድ ነገር አደራ፦ 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ይመዝናል። መቀመጫው ጠንካራ ኮንክሪት ይሁን።

አትክልተኛዋ፦ እኔ ለችግኝ ብታውሉት እላለሁ። የውስጥ ቧንቧ መዘርጋት አያስፈልጋችሁም።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ዝናብ ባለበት ወቅት ችግኝ ውሃ አይፈልግም። ታንከሩ ሞልቶ ይቀመጥና የሚቀጥለው ዝናብ ይባክናል። ሽንት ቤት ግን በየቀኑ ይጠቀማል። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ 6 ሊትር ቢወስድ፣ 300 ጊዜ ሲለቀቅ 1,800 ሊትር ይሄዳል። ታንከሩ በየጊዜው ይጎድላል፣ አዲስ ዝናብም ይቀበላል። ትንሽ ታንከር ብዙ ውሃ የሚያተርፈው እንዲህ ሲሆን ነው። ረጅሙን ደረቅ ወቅት ለማለፍ ከሆነ ግን 10,000 ሊትር አይበቃም፤ ያንን ከአሁኑ ለአስተዳደሩ ንገሩ።

አትክልተኛዋ፦ ይሄ ገብቶኛል። እንግዲያው ሞልቶ የሚፈሰውን ወደ ችግኞቹ ምሩት፤ አፈሩ እርጥበቱን ይይዘዋል። ከህንፃው መሠረት ግን አርቁት።

የቧንቧ ባለሙያው፦ የመጀመሪያውን ውሃ ታንከር ውስጥ አታስገቡ። አቧራውን፣ የወፍ ኩሱን፣ ቅጠሉን ጠራርጎ የሚመጣው እሱ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር የሚያስቀር ማጠራቀሚያ ቧንቧ ከታንከሩ በፊት ግጠሙ፤ ከዝናብ በኋላም ይራገፍ። አሸንዳው ወደ መውረጃው ዘንበል ይበል። ታንከሩ ብርሃን የማያስገባ ይሁን፣ አለዚያ አልጌ ያበቅላል። ክዳኑና ማፍሰሻው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ካልተደረገ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ይሆንባችኋል። መውጫውን ከታንከሩ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ዝቃጩ ከታች ይቀራል።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ተማሪዎች ቢጠጡትስ?

የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ፦ ሳይመረመርና ሳይታከም በፍጹም። ጥርት ብሎ ቢታይም ከወፍ ኩስ የመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የጣሪያው ቀለም እርሳስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ማፍላት እንኳ አያወጣውም።

የቧንቧ ባለሙያው፦ ስለዚህ መስመሩን ከመጠጥ ውሃው ጋር በምንም መንገድ አታገናኙት፤ ቫልቭ አለው ብላችሁም አትተማመኑ። ቧንቧውን በሌላ ቀለም ቀቡት። ውጭ ባለው እያንዳንዱ ቧንቧ ላይም «ለመጠጥ አይሆንም» ብላችሁ ጻፉ።