ጥያቄ፦ ስታፎርድ ጋምቢትን ልተወው ወይስ ልቀጥልበት?

ጠያቂ፣ ፒያሳ (ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ በስልኬ የ3 ደቂቃ ቼዝ እጫወታለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ፒያሳ ካለች አንዲት ካፌ ከጓደኞቼ ጋር በሰሌዳ እንጫወታለን። በጥቁር ስሰለፍ ጨዋታው በ1. ኢ4 ኢ5 2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6 ከተጀመረና ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደሬን ከበላ፣ ሌላውን ፈረሴን ወደ ሲ6 አወጣለሁ፤ ፈረሶቹ ሲበላሉም በዲ ወታደር መልሼ እበላለሁ፤ ስታፎርድ ጋምቢት (ወታደር ሰጥቶ ለጥቃት መንገድ የሚከፍት አከፋፈት) የሚባለው ይህ ነው። አንድ ወታደር ብከስርም መንገዱ ስለሚከፈትልኝ በስልክ ብዙ ጊዜ አሸንፋለሁ። በካፌው ግን 15 ደቂቃ ይዘን ስንጫወት አንድ ጓደኛዬ ቢሾፑን ኢ2 ላይ አስቀምጦ ጥቃቴን ያከሽፈዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከማራኪ፦
ወንድሜ፣ ይህን አከፋፈት ኤሪክ ሮዘን የተባለው አሜሪካዊ ኢንተርናሽናል ማስተር በኢንተርኔት ብዙ ስላሳየው ወጥመዱን የሚያውቀው ሰው በርክቷል። ዋናው ወጥመድ ነጭ 5. ዲ3 ብሎ እርስዎ ቢሾፕዎን ሲ5 ላይ ሲያኖሩ፣ እሱ 6. ቢሾፕ ጂ5 ብሎ ፈረስዎን ሲያስር (ፈረሱ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥትዎ እንድትበላ ሲያደርግ) ነው፤ ያን ጊዜ ፈረስዎ ኢ4 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፣ እሱም ንግሥትዎን በልቶ ደስ ሲለው ቢሾፕዎ ኤፍ2 ላይ ቼክ ይላል (ንጉሡን ያጠቃል)፣ ንጉሡ ወደ ኢ2 ሲሸሽ ሌላው ቢሾፕ ጂ4 ላይ ማት ያደርገዋል (ንጉሡ ማምለጫ ያጣል፣ ጨዋታው ያበቃል)። በ3 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሰሌዳው ላይ አስቦ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ጓደኛዎ ግን ትክክለኛውን መንገድ ይዟል፤ ከቢሾፕ ኢ2 በኋላ ሲ3 እና ዲ4 ከተጫወተ የሲ5 ቢሾፕዎ ይባረራል፣ ወደ ኤፍ2 የሚያነጣጥረው መስመርም ይዘጋል። ስለዚህ በስልክ ይቀጥሉበት፤ በ15 ደቂቃ ግን ይተዉት።

መልስ፣ ከአዘዞ፦
ልጄ፣ እኔ ያደግሁት በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼዝ ነው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ እጁ የፈጠነ ሁሉ አይረታም፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን የሚለዋውጥ ነው የሚረታው። አንተም ስድስቱን እርምጃ በቃልህ ይዘህ ሳታይ የምትሮጥ ይመስለኛል። ቢሾፑ ኢ2 ላይ መቀመጡን ካየህ ወጥመዱን ረስተህ ሌላ ነገር አስብ እንጂ እሱኑ አትጠብቅ።

መልስ፣ ከአራዳ፦
አከፋፈትዎን ሙሉ በሙሉ መለወጥ አያስፈልግዎትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎችዎ የፔትሮፍ መከላከያ ናቸው፤ ፋቢያኖ ካሩዋናም እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ ከዓለም ሻምፒዮኑ ማግነስ ካርልሰን ጋር ባደረገው የዓለም ሻምፒዮና በስድስተኛው ጨዋታ በጥቁር ተጫውቶት አቻ ወጥቷል። በካፌው 3. ፈረስ ኢ5ን ሲበላ በዲ6 ፈረሱን ያባርሩት፣ ከተመለሰ በኋላ ኢ4 ላይ ያለውን ወታደር ይበሉ፤ ሂሳቡ ይተካከላል። ቅደም ተከተሉን ግን አያምታቱት። ሳያባርሩት ቀድመው ኢ4ን ከበሉ ንግሥቱን ኢ2 ላይ ያመጣል፤ ያን ጊዜ ፈረስዎን ወደ ኤፍ6 ከመለሱ የእሱ ፈረስ ሲ6 ላይ ሲዘል ከኋላው ንግሥቱ ቼክ ትላለች፣ የእርስዎ ንግሥትም ትበላለች። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ በዚህ ተበልቻለሁ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፤ ጋሼም ልክ ነዎት፣ ሳላይ ነው የምሮጠው። ዲ6 ስል ፈረሱ ሳይመለስ ኤፍ7ን ቢበላስ?

መልስ፣ ከአራዳ፦
በንጉሥዎ ይብሉት። ያ ኮክሬን ጋምቢት ይባላል፤ ነጭ ለአንድ ፈረስ ሁለት ወታደር ይዞ በዲ4 ጥቃት ይጀምራል። እርስዎ በስልክ በሌሎች ላይ የሚያደርጉትን እሱ በእርስዎ ላይ እያደረገ ነው ማለት ነው፤ 15 ደቂቃ ስላለዎት አይቸኩሉ።