እስከ ሃያ ይወርዱታል፣ «ሰባት ቆርኪ አምጡ» ሲባሉ ግን እፍኝ ሙሉ ያመጣሉ

የማራኪ ኦ ክፍል፦
ሰላም መምህራን። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነን፤ ኦ ክፍል፣ 52 ልጆች፣ አንድ መምህርት። ቁጥሩን በዜማ እስከ ሃያ ይወርዱታል። «ሰባት ቆርኪ አምጡ» ሲባሉ ግን እፍኛቸውን ሞልተው ከች ይላሉ። ቆጥረው ጨርሰው «ስንት ሆነ?» ስላቸው ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ገንዘብ የማይጠይቅ ምን ጨዋታ አለ? ገበጣስ ያስኬዳል?

አዘዞ ኬጂ፦
እህቴ፣ ያነሳሽው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። እፍኝ ሙሉ የሚያመጣው ልጅ የት ማቆም እንዳለበት አላወቀም። እንደገና የሚጀምረው ደግሞ የመጨረሻዋ ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኗ አልገባውም፤ «ስንት ሆነ?» ስትይው «ቁጠር» ያልሽው ይመስለዋል። ዜማው አንዱንም አይፈታም።

«ቅዳሜ ገበያ» አጫውቻቸው። አስር ቡድን አድርጊያቸው፤ ስምንቱ አምስት አምስት፣ ሁለቱ ስድስት ስድስት ልጅ ይይዛሉ። ለየቡድኑ 10 ቆርኪ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የተሳለባቸው የካርቶን ካርዶችና አንድ የፕላስቲክ ሳህን (ውስጡን የማያሳይ)። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመር። ገዢው ካርድ ያነሳል፤ ሻጩ ቆርኪውን አንድ በአንድ መስመሩን እያሻገረ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። በጣት መጠቆም ብቻ አይበቃም፤ አፍ እጅን ይቀድምና አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ሌላው ይዘለላል። የመጨረሻዋ እንደተሻገረች ገዢው ሳህኑን ይደፋና «ስንት ተደበቀ?» ይላል። ሻጩ መልሶ መቁጠር ስለማይችል የመጨረሻዋን ቁጥር መያዝ ግድ ይሆንበታል። ሲመልስ ሳህኑ ተነስቶ ይረጋገጣል።

እስከ ሦስት ያለው ሳይቆጠርም በዓይን ይለያል። ስለዚህ 2 እና 3ን ትክክል ስለመለሰ ብቻ «ገብቶታል» አትበይ፤ የሚለየው 4 እና 5 ላይ ነው። እነሱ በደንብ ሳይገቡት ወደ 7 አትሂጂ።

ቆርኪ ሰብሳቢ፦
ባቄላና ሽምብራ እንዳትሞክሩ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል። ቆርኪ ይሻላል፣ ጥርሱ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ከተኛ በኋላ። 100 ለአስሩ ቡድን፣ 20 መጠባበቂያ። ለየቡድኑ ካርቶን ላይ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ክብ ይሳል፤ ጨዋታው ሲያልቅ በየክቡ አንድ ቆርኪ ይቀመጣል። የጎደለ ካለ ባዶዋ ክብ ታሳብቃለች፣ መምህሯ 100 ስትቆጥር አትውልም። እግረ መንገዱንም ልጁ 7 ማለት አምስትና ሁለት መሆኑን በዓይኑ ይለምደዋል።

ገበጣው ሙሉውን ከሆነ ለዚህ ዕድሜ ይረዝማል። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር መዝራቱ ብቻ ግን ጥሩ ልምምድ ነው።

የፒያሳ መምህር፦
መምህርት፣ ውጭ ማጫወት ከፈለጉ ሰኞ ማክሰኞን ወደ ቀጥታ መስመር ይለውጡት፦ 10 ሳጥን፣ ከ1 እስከ 10፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ዳይስ አያስፈልግም፤ ቆርኪ ይወረወር፣ ጀርባው ከላይ ከሆነ 1፣ ሆዱ ከሆነ 2 ይዘለላል። 3 ላይ ቆሞ 2 የደረሰው ልጅ «አራት፣ አምስት» እያለ ይዝለል እንጂ «አንድ፣ ሁለት» አይበል። ተመራማሪዎቹ ራማኒና ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የልጆቹን የቁጥር ዕውቀት ያሻሻለው እንዲህ ያለ የ1–10 ቀጥታ የጨዋታ ሰሌዳ ነበር፤ በቀለም ብቻ የተለየው ሰሌዳ ያንን አላመጣም።

እዚህ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ የቆሙበትን ሳጥንም ይቆጥሩታል። 3 ላይ ሆኖ «ሦስት፣ አራት» ይልና አንድ ሳጥን ይጎድልበታል። ሕጉ «እግር ሳይነሳ አፍ አይከፈት» ይሁን። በሁለት እግር ይዝለሉ፤ በአንድ እግር ሲሆን ሐሳባቸው ሁሉ አለመውደቅ ላይ ይሆናል። ጠመኔ አፈር ላይ አይይዝም፣ አመድ ይበቃል።

የማራኪ ኦ ክፍል፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ፈጣን ልጅ ለሁሉም እየመለሰ ካስቸገረስ?

አዘዞ ኬጂ፦
ዳኛ አድርጊው። ዳኛ አይናገርም፤ ትክክል ከሆነ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ካልሆነ ወደ ታች ያሳያል። አንዳንዴ አንቺው ሻጭ ሁኚና ሆን ብለሽ አሳስቺ፤ አንዱን ሁለቴ ቁጠሪ ወይም «ሦስት፣ አምስት» በይ። ጣቱን ወደ ታች ካደረገ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብለሽ ጠይቂው፤ የተሳሳትሽበትን ቆርኪ በእጁ ይንካ።